አንዷ ፈረስ

ከተማዋ ሁለት ስም አላት፤ የትኛው ልክ እንደሆነ አልፈርድባት፣
ቫልቡርጋ "ብሪክሰን" ስትላት፣ ኤርሜስ "ብሬሳኖኔ" ሲላት።
ተራራው ለሁለቱም አንድ፣ ወንዙም ለሁለቱም አንድ፤
ጠባቸው ግን በመኪና ነው፣ ሁልጊዜ የሚነሳው እሁድ።

የሷ ቮልስ የሃምሳ ዘጠኝ ሥሪት፣ ቀለሙ የደረቀ ቅጠል፤
የሱ ሰይቼንቶ የስድሳ ሁለት፣ ነጭ፣ እንደ ተላጠ እንቁላል።

"የኔ ሺህ አንድ መቶ ዘጠና ሁለት ሲሲ ነው" ትላለች፤
"ያንተ ሰባት መቶ ስድሳ ሰባት! የወተት ጣሳ ታህላለች።"
"ትሁና! ክብደቷን ጠይቂ፤ ስድስት መቶ አምስት ኪሎ፤
ያንቺ መቶ ኪሎ ትርፍ አለው፣ ቁርሱን ከምሳ ቀላቅሎ።"
"የኔ ውሃ አይጠጣም፤ ነፋስ ነው የሚያበርደው፤
ራዲያተር የሌለው መኪና፣ ምን ፈልቶ ምን ያዋርደው?"
"የኔ በአሥራ ሁለት ቮልቷ፣ ግድ የላት ቢነጋ ባይነጋ፤
ያንቺ በስድስት ቮልት ጧፍ፣ ሲዳብስ ያድራል መንገድ ፍለጋ።"
"በርህ ተገልብጦ ተገጥሞ፣ ነፋስ ቢያገኘው ይገነጠላል!"
"ያንቺስ የነዳጅ ጌጅ የለው፣ እንደ ጉድጓድ በእንጨት ይለካል!"

የፈረስ ጉልበት ላይ ሲደርሱ፣ ካቻቢቴዬን አስቀምጣለሁ፤
የሷ ሠላሳ፣ የሱ ሃያ ዘጠኝ። ጠቡ እዚህ እንደሚጠና አውቃለሁ።
ስንት እሁድ አለፈ፣ በዚያች በአንዲት ፈረስ!
ሣር አትግጥ፣ ዝንብ አታባርር፣ ጭራ የላት የምትነሰንስ።

ኤርሜስ አንድ ቀን "ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ" ስል ሰማ፤
"ቋንቋዬን ከወዴት አመጣኸው?" "ደሴ" አልኩት፤ "ከዚያች ከተማ።
ጥላችሁት የሄዳችሁትን መፍቻ፣
ዝገቱን ጠርገን ነው የያዝነው፤ ቃልም ዕቃ ነው፣ ለሠራበት ብቻ።"

ባለፈው መስከረም ሰለቸኝ።
"ፈረሱም ይኸው፣ ሜዳውም ይኸው" አልኳቸው ተረቱን ተርጉሜ፤
"ሜዳ የት አለ? ዳገት ነው" አለች ቫልቡርጋ፣ ሳልጨርስ ደግሜ።

ወደ ፕሎዘ ሽቅብ ወጣን፤ እኔ ከኤርሜስ ጎን፣ ሰዓት ያዥ፤
ሰይቼንቶዋ ፊት ሆነች፣ ቮልሱ ከኋላ አዝጋሚ ተጓዥ።
አምስተኛው ኩርባ ላይ ግን፣ ከጀርባችን እንፋሎት ተነሳ፤
ኤርሜስ የራዲያተሩን ክዳን እያየ ዝም አለ፣ መሳደብም ረሳ።
ቫልቡርጋ ጡሩንባ እየነፋች አለፈችን፣ ሁለቴ፣ ደግሞ ሦስቴ፤
እኔ በወተት ጣሳ ከምንጭ ውሃ ልቀዳ ወረድኩ፤ ወይ ጉልበቴ!

በረድን። ተነሳን። ስምንተኛው ኩርባ ላይ፣
ቮልሱ ጥግ ይዞ ቆሟል፤ እሷ እንጨቷን ወደ ሰማይ አንስታ ስታይ።
ደረቅ ነው። ማንም ምንም አልተናገረም፤
ኤርሜስ ገመድ አወጣ፤ ሲያስር እንኳ ቀና አላለም።

"ፈረስ ያደርሳል እንጂ አይዋጋም" ይላል ያገሬ ሰው፤
ይኸው ሃያ ዘጠኙ ፈረስ፣ ሠላሳውን እየጎተተው፣
በአንደኛ ማርሽ፣ በፍሪሲዮን ጠረን፣ ጫፍ ደረስን ጀምበር ስትጠልቅ፤
ቫልቡርጋ አንድ ፖም ለሦስት ቆረጠች፤ ማንም አልጠየቀ ማን እንደሚልቅ።

ቁልቁለቱን ገመድ አላሻውም፤ ቮልሱ በትርፍ ኪሎው ወረደ፤
መብራቱ ግን ገና ከሁለተኛው ኩርባ በፊት፣ ቢጫ ሆኖ ሄደ፣ ሄደ።
ኤርሜስ ፍጥነት ቀነሰ፤ በመስታወት እያየ ጠበቃት፤
አሥራ ሁለት ቮልቱን መንገዱ ላይ ዘርግቶ፣ እስከ ደጇ መራት።

ጋራዥ ገብቼ በደብተሬ፣ "አሸናፊ" አልኩና ቆምኩ፤
"ሃምሳ ዘጠኝ ፈረስ፣ አንድ ገመድ፣ አንድ ፖም" ብዬ ጻፍኩ፤ ሰረዝኩ።

በሳምንቱ እሁድ በሬ ተንኳኳ፤ ሁለቱም ቆመዋል ከደጅ፤
"ሞተሬማ ምን አጠፋ? ያጠፋው" ትላለች "ነዳጅ!"
"ሠላሳ ነው ፈረሱ፣ ሠላሳ!" "ሃያ ዘጠኝም ይጎትታል!"

እኔ ኮፈን ከፍቼ አጎንብሻለሁ፤
ያቺ አንዷ የት ገብታ ይሆን?
ዘይት ዘይት ይሸተኛል።